ፊደልን በ8 ፒክስል፦ የአንድ አሮጌ ጨዋታን ሥዕል የመቀየር የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደሴ

ፋይሉ 40,976 ባይት ነው። ቁጥሩን እንዳየሁ ገና ሳልከፍተው ሥራው የሚሳካ መሰለኝ፤ ቁጥሩ ራሱ የውስጡን አቀማመጥ ይናገራልና። 16 ባይት ራስጌ (ስለ ፋይሉ የሚናገር መግቢያ)፣ 32,768 ባይት ፕሮግራም፣ 8,192 ባይት ሥዕል፤ ሲደመር አንድም አይጎድልም፣ አንድም አይተርፍም። ኔንቴንዶ ለተባለው የድሮ የቴሌቪዥን ጨዋታ ማሽን ከተሠሩ ጨዋታዎች ሁሉ ቀላሉ አደረጃጀት ይህ ነው። ሥዕሉ ከፕሮግራሙ ተለይቶ ለብቻው ተቀምጧል፤ አልታመቀም፣ ከሌላ ጋር አልተቀላቀለም። ሥዕላቸውን አምቀው በፕሮግራሙ መሀል የሚያስቀምጡ ጨዋታዎች አሉ፤ እነሱን በታይል (የ8 በ8 ነጥብ ትንሽ ሥዕል) ማረሚያ የከፈተ ሰው የሚያየው ትርጉም የሌለው የነጥብ መዓት ብቻ ነው።

ጨዋታው ካርድ ማዛመጃ ነው። ካርዶቹ ተገልብጠው ይደረደራሉ፤ ተጫዋቹ ሁለት ሁለት እየገለጠ ጥንዱን ይፈልጋል፤ ጥንድ ሲገኝ የሥዕሉ ስም ከታች ይጻፋል። የመረጥኩት ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ነው። ሠሪው ማንም ሰው እንዲቀይረውና እንዲያካፍለው ፈቅዷል፤ ስለዚህ የሠራሁትን ለማንም ብሰጥ ሕሊናዬ አይቆረቁረኝም።

ለምን ይህን ሥራ እንደያዝኩ እዚሁ ላስፍር። ኮምቦልቻ ያለው የእህቴ ልጅ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል፤ ፊደል እየለየ ነው። ስልክ ላይ የሚጫወታቸው ጨዋታዎች በሙሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። ፊደል የሚባለው ነገር የደብተርና የጥቁር ሰሌዳ ብቻ፣ ጨዋታ የሚባለው ደግሞ የሌላ ቋንቋ ንብረት እንደሆነ እያሰበ እንዲያድግ አልፈልግም። አንድ ትንሽ ጨዋታ እንኳ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በፊደላችን እንዲያናግረው እፈልጋለሁ።

ዘመናዊ ጨዋታ መሥራትም ይቻል ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ይህ ማሽን ነው። ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም ተብሎ በ1983 ወጣ፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ በርካሽ ቅጂዎቹ ነው፤ ካሴት የሚጎርሱት፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዙት። በእኔ ዕድሜ ያለ የደሴ ልጅ እነዚያን ካሴቶች አቧራቸውን በትንፋሹ እያራገፈ ነው ያደገው። ያኔ በስክሪኑ ላይ የምናየው ሁሉ ከ8 በ8 ነጥብ ትናንሽ ሥዕሎች የተገጣጠመ መሆኑን የነገረን አልነበረም።

እሑድ

ዋይዋይ-ሲኤችአር በተባለው የታይል ማረሚያ ከፈትኩት። ይህ ፕሮግራም ብዙ ዓይነት የሥዕል አቀማመጦችን ያውቃል፤ ዓይነቱ በትክክል ካልተመረጠለት ሥዕሉ ተሰባብሮ ይታያል። የኔንቴንዶው ባለ 2 ቢት ነው። ከመረጥኩ በኋላ ወደ ታች ወረድኩ። በፕሮግራሙ ክፍል ላይ የሚታየው ሁሉ ትርምስ ነው፤ እሱን አለመንካት ነው። ከራስጌውና ከፕሮግራሙ በኋላ፣ ማለትም ከ32,784ኛው ባይት ጀምሮ (በሄክስ፣ ማለትም በ16 መሠረት አቆጣጠር፣ 8010 ይሆናል) ድንገት ሁሉም ነገር ጠራ፦ ቁጥሮች፣ የእንግሊዝኛ ፊደላት በትልቁና በትንሹ፣ የካርድ ጠርዝ፣ የጣት ቅርጽ ያለው ጠቋሚ።

8,192 ባይት ማለት 512 ታይል ነው፤ እያንዳንዱ 16 ባይት። ይህ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፦ 256 ታይል ለመደቡ፣ 256 ታይል ለተንቀሳቃሽ ሥዕሎች። አንድ ፒክስል፣ ማለትም አንድ ነጥብ፣ 4 ዋጋ ብቻ ይይዛል፤ ከ0 እስከ 3። ቀለሙ ራሱ ታይሉ ውስጥ የለም። ታይሉ የሚያስቀምጠው «እዚህ ላይ ሁለተኛው ቀለም ይሁን» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ሁለተኛው ቀለም ቀይ ይሁን ቢጫ የሚወስነው ፓሌቱ፣ ማለትም የቀለሞቹ ዝርዝር ነው። በ1985 በወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ውስጥ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የተለያየው ፓሌታቸው ነው። ይህን ካወቅኩበት ቀን ጀምሮ ያንን ጨዋታ ባየሁ ቁጥር ለሠሪዎቹ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። ቦታ ስላልነበራቸው አሰቡ።

ሰኞ ማታ

ዛሬ ማረሚያውን አልከፈትኩም፤ በወረቀት ሒሳብ ስሠራ አመሸሁ።

33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃሎቹን፣ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ሳልጨምር ነው። ለመደቡ ካለኝ 256 ታይል 231ዱን ለፊደል ብሰጥ ለካርዱ፣ ለሥዕሉ፣ ለጠርዙ፣ ለ0 እስከ 9 ቁጥሮች በአጠቃላይ የሚተርፈኝ 25 ነው። አይሆንም።

ጃፓኖችም እዚሁ ቦታ ላይ ቆመው ነበር። በ1986 የወጣው ድራገን ኩዌስት የተባለው ጨዋታ ካታካና የሚባሉትን የጃፓን ፊደላት በሙሉ አላስገባም፤ የሚያስፈልጉትን ጥቂቶች መርጦ የጭራቆቹንም የቦታዎቹንም ስም በእነሱ እንዲጻፍ አደረገ። ሌላም ዘዴ ነበራቸው። ድምፅን የምትለውጠውን ትንሽ ምልክት ከፊደሉ ነጥለው፣ ከበላዩ ባለው መስመር ላይ እንደ ራሷ ታይል ያስቀምጧታል። በዚህ መንገድ አንድ ምልክት ለብዙ ፊደል ታገለግላለች።

ለእኛ ፊደል ይህን ዘዴ ረጅም ጊዜ አሰብኩበት። የካዕብ ጭረት፣ የሣልስ እግር፣ የኃምስ ቀለበት ተነጥለው ቢሳሉስ? አይሠራም። የእኛ ምልክት ከፊደሉ አካል ጋር የተዋሐደ ነው። በ ላይ ረጅም ቀኝ እግር ሲሆን ባ ይሆናል፤ ይህ ከላይ የሚደፋ ነገር አይደለም። በተንቀሳቃሽ ሥዕል ልደርበው ብል ደግሞ ማሽኑ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አያሳይም፤ ዘጠነኛው ይጠፋል።

ስለዚህ የድራገን ኩዌስትን መንገድ ያዝኩ። ጨዋታው የሚናገራቸውን ቃላት በሙሉ ጻፍኩ፦ ጀምር፣ ነጥብ፣ ጊዜ፣ ተራ፣ ተጫዋች፣ እንደገና፣ ጨዋታው አለቀ፣ ጎሽ። ከዚያ የተደጋገሙትን ሰርዤ የቀሩትን በፊደል ተራ አስቀመጥኳቸው፦

ለ ም ራ ር ሽ ቀ ብ ተ ታ ች ነ ና ን አ እ ዋ ው ዜ ደ ጀ ገ ጊ ጎ ጥ ጨ ጫ

26 ናቸው። የእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት የያዙት ቦታም 26 ነው። እርሳሱን አስቀምጬ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ በደስታ ክፍሉን ዞርኩት።

ረቡዕ

መሳል ጀመርኩ። መጀመሪያ ደንብ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ያማረ፣ ተሰልፈው ሲታዩ ግን የማይስማሙ ይሆናሉ።

ደንቤ ይህ ነው። ከ8ቱ ቋሚ ዓምዶች የመጨረሻው ባዶ ይሁን፤ በፊደልና በፊደል መካከል አየር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዓምድ በግራ በኩል ለሚወጣ ጭረት፣ ሰባተኛው በቀኝ በኩል ለሚወጣ ጭረት ይጠበቅ። መሀል ላይ የሚቀሩት 5 ዓምዶች የፊደሉ አካል ናቸው። ከታች ያለው አግድም መስመርም ባዶ ይቀራል። ብ በዚህ ደንብ እንዲህ መጣ፦

·█████··
·█···█··
·█···█··
▒█···█··
·█···█··
·█···█··
·█···█··
········

በአራተኛው መስመር ግራ ላይ ያለችው አንዲት ነጥብ ናት ብ የምታሰኘው። ያለ እሷ በ ነው። አንዲት ፒክስል ይህን ያህል ሥልጣን ሲኖራት ማየት ያስደንቃል።

አብዛኞቹ ፊደላት በደንቡ ውስጥ ገቡ። ተ፣ ለ፣ ነ፣ ደ ምንም አላስቸገሩም። ዜ ቀለበት ስላለው ብዙ አሠራኝ፤ ክፍት ሆኖ የሚታይ ቀለበት ቢያንስ 3 በ3 ይፈልጋል፣ ለዚህ ደግሞ አካሉን አንድ ዓምድ ወደ ግራ መግፋት ግድ ነው። ጨ እና ጫ ግን በ5 ዓምድ እንቢ አሉ። 7ቱንም ዓምድ ለቀቅኩላቸው። ከጎረቤቶቻቸው ወፈር ብለው ይታያሉ፤ በእጅ ጽሑፍም ቢሆን ጨ ሰፊ ፊደል ስለሆነ ቅር አላለኝም።

በኮምፒውተር ላይ የፊደል ቅርጽ የሚያወጡ ሰዎች መጠኑን እንደልባቸው ያሳድጋሉ። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል «አንተን አንተ የሚያሰኝህ ምንድን ነው? ሌላው ሁሉ ቢወሰድብህ ምን ቢቀር ትታወቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ዕድሜ ልኬን ስጽፈው የኖርኩትን ፊደል እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ማታ

ጽሑፉን መቀየር። ይህ በታይል ማረሚያ አይሠራም፤ ቃላቱ ያሉት በፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ኤፍሲኢዩኤክስ በተባለው ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ ወዳለው የሄክስ ማረሚያ ገባሁ። ሠሪው የታይሎቹን ቁጥር ከተለመደው የኮምፒውተር የፊደል ቁጥር ጋር አዛምዶታል፤ የመጀመሪያው ትልቅ ፊደል 65፣ የመጨረሻው 90፣ ባዶ ቦታ 32። ስለዚህ የእኔ ለ 65 ሆነ፣ ጫ ደግሞ 90።

እዚህ ላይ ፊደላችን ካሳውን ከፈለኝ። በታይል ሠንጠረዡ ላይ ቦታ ቢፈጅብኝም በጽሑፉ ላይ ቦታ አተረፈልኝ። በእንግሊዝኛ የነበረው «ጌም ኦቨር» መሀሉ ላይ ካለው ክፍተት ጋር 9 ባይት ይይዛል፤ «ጨዋታው አለቀ» ከነክፍተቱ 8 ነው። «እንደገና» የገባበት የእንግሊዝኛ ቃል 5 ፊደል ነበረው፤ እሱም ልክ 5። የሌሎቹ ሁሉ አጠረ። በእንግሊዝኛ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ቦታ ይወስዳሉ፣ በእኛ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ረዘም ያለ ቃል በሌላው ላይ ሳይደርብ ማስገባት የዚህ ሥራ ትልቁ ጭንቀት እንደሆነ አነብ ነበር፤ እኔን አልነካኝም።

«ጨዋታው አለቀ» እንዲህ ተጻፈ፦ 89 80 73 81 32 78 65 70 32። የመጨረሻው 32 የተረፈችውን ቦታ መሙያ ነው።

ኢሙሌተሩን አስጀመርኩ። ጥቁር ስክሪን፣ ከዚያ መሀሉ ላይ በነጭ «ጀምር»። ከ40 ዓመት በፊት በተነደፈ ማሽን ላይ ማለት ነው። እናቴን ጠራኋትና አሳየኋት። ቀረብ ብላ አየችና «ጀምር ይላል» አለች። ከእሷ ዘንድ የምፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ሳይነገራት አነበበችው።

ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

ላፕቶፑን ይዤ በሐረጎ ቁልቁል ወረድኩ። ደሴ ላይ ጋቢ የሚያስፈልገው ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል። እህቴ ቡና እያፈላች ጠበቀችኝ።

ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ምንም ሳልነግረው እንዲጫወት ተውኩት። ካርዶቹ ገና የድሮ ሥዕላቸውን እንደያዙ ናቸው፤ የምፈትነው ፊደሉን ነው። «ጊዜ» እና «ነጥብ»ን ወዲያው አነበበ። «ተራ»ንም አነበበ። «ተጫዋች» ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አጎቴ፣ ይህ ጨ ነው ጫ?»

ስክሪኑን ቀረብ ብዬ አየሁት። ልጁ እውነቱን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ እግር ርዝመት ነው፤ እሱም 2 ፒክስል። ትልቅ ሰው ቃሉን ከአውዱ ስለሚያነበው አያስተውለውም። ፊደል የሚለይ ልጅ ግን እያንዳንዱን ቅርጽ አምኖ ነው የሚያነበው፤ ያመነው ቅርጽ ሊከዳው አይገባም። እናቴ ያነበበችው ከልምዷ ነው፤ እውነተኛው ፈተና የልጁ ነው።

«ሜዳ ላይ ያለችውን መስመር አስረዝምልኝ» አለኝ። እግሩን ማለቱ ነው። የሚረዝምበት ቦታ ግን የለም፤ 8 ፒክስል አልቋል።

እሑድ ማታ፣ ደሴ

መልሱ ለካ በታይሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። አንድ ፒክስል 4 ዋጋ አለው። እኔ የተጠቀምኩት ሁለቱን ነው፤ መደቡን 0፣ ፊደሉን 3። 1 እና 2 ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

የፊደሉ አካል ነጭ ይሁን፤ ከግዕዙ የሚለየው ጭረት፣ ቀለበት ወይም የረዘመ እግር ቢጫ ይሁን። ያኔ ጫ ከጨ የሚለየው በ2 ፒክስል ርዝመት ብቻ ሳይሆን በቀለምም ይሆናል። ልጁም አካሉን ከምልክቱ ለይቶ ያየዋል። ገበታው ላይ ሰባቱን ቤቶች በቃል ሲወጣ፣ እዚህ ደግሞ ቤቱን ቤት የሚያደርገውን ነገር በዓይኑ ያገኘዋል።

ወዲያው የብ ታይልን ቀየርኩ። ማሽኑ እነዚህን ዋጋዎች የሚያስቀምጥበት መንገድ ደስ ስለሚለኝ ላስፍረው። 16ቱ ባይት በሁለት ንብርብር ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ 8 ባይት የእያንዳንዱን ፒክስል ታችኛ ቢት፣ ቀጣዮቹ 8 ላይኛውን ቢት ይይዛሉ። የብ አራተኛ መስመር ዋጋዎች 2 3 0 0 0 3 0 0 ናቸው። 3 በሁለቱም ንብርብር አለ፤ 2 በላይኛው ብቻ። ስለዚህ የመጀመሪያው ንብርብር 124 68 68 68 68 68 68 0 ሲሆን ሁለተኛው 124 68 68 196 68 68 68 0 ነው። በሁለቱ መካከል የተለየችው 196 ብቻ ናት፤ በ እና ብን የምትለየው ቢጫ ነጥብ እሷ ናት።

አንዳንዱ ፊደል ለዚህ አልተመቸም። ር ከረ የሚለየው በሚጨመር ጭረት ሳይሆን በአጠቃላይ አቋሙ ነው፤ አካልና ምልክት ብዬ ልከፍለው አልቻልኩም። እንዲህ ያሉትን ሙሉ ነጭ አድርጌ ተውኳቸው። ለሥርዓት ብዬ ሐሰተኛ ምልክት አላስተምረውም።

ፓሌቱን ለማግኘት በኢሙሌተሩ መመልከቻ የቀለሞቹን ቁጥር አየሁና ያንኑ ተከታታይ በፋይሉ ውስጥ ፈለግኩ። በሄክስ 10 ግራጫ፣ 28 ቢጫ፣ 30 ነጭ ነው። ሁለት ባይት ቀየርኩ፤ አለቀ።

ማክሰኞና ከዚያ በኋላ

ሥዕሎቹ። እያንዳንዱ ካርድ 16 በ16 ፒክስል፣ ማለትም 4 ታይል ነው። ይህ መጠን ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ማሽኑ ለመደቡ ፓሌት የሚመድበው ለእያንዳንዱ 16 በ16 አካባቢ እንጂ ለእያንዳንዱ ታይል አይደለም። ካርዱ ከዚህ ክልል ቢያልፍ ቀለሙ ጎረቤቱን ይበክላል።

8 ጥንድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ያሰብኩት ደሴን ራሷን መሳል ነበር፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ፣ ከከተማዋ ራስጌ ያለውን የጦሳ ተራራ። ሞከርኳቸው። በ16 ፒክስል አዳራሹ ማንኛውም ቤት ይሆናል፤ ጦሳም ማንኛውም ተራራ። እነዚህን የሚያስለዩ ነገሮች ስፋትና ዝርዝር ናቸው፣ እኔ ዘንድ ሁለቱም የሉም። ለሚወዱት ነገር ከማይመጥነው ሥዕል አለመሳሉ ይሻላል። ጥላቸው ብቻ የሚያስለያቸውን ነገሮች መረጥኩ፦ ጀበና፣ ስኒ፣ መሶብ፣ ክራር፣ ከበሮ፣ ግመል፣ ባጃጅ፣ ቁልቋል።

ጀበናው ከሁሉ ቀላል ነበር፤ አንገቱና እጀታው ይበቁታል። ችግሩ ቀለሙ ነው። ጀበና ጥቁር ነው፣ የካርዱም መደብ ጥቁር። ሆዱን በጥቁር ቡናማ (በሄክስ 17)፣ ብርሃን የሚያርፍበትን ጎን በብርቱካንማ (27) ሳልኩና አንዲት ነጭ ነጥብ አንገቱ ላይ አኖርኩ። ምድጃ አጠገብ እንዳለ ሆነ።

ግመሉ የባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ነው፤ ባለ አንድ ሻኛ። አራት እግር ስስል የወንበር እግር መሰሉ፤ የፊቱን አንዱን አንድ ፒክስል ወደፊት ሳስቀድመው መራመድ ጀመረ።

ክራሩ ላይ ብዙ ቆየሁ። ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች በተሰየሙበት አገር ተቀምጬ ክራርን ያለ ክር መሳል አልችልም። ክሩ አንድ ፒክስል፣ በክርና በክር መሀል አንድ ፒክስል ክፍተት። 6 ክር 11 ፒክስል ይፈልጋል፤ ሁለቱን ቋሚዎች 2 ፒክስል ውፍረት ሰጥቼ በየጎናቸው አንድ ክፍተት ስተው 17 ይመጣል፤ ካርዱን አለፈ። 5 ክር 9 ፒክስል ነው፣ ሲደመር 15። ባለ 5 ክር ክራርም ክራር ነው፤ እሱን ሳልኩ። ባጃጁና መሶቡ ያለ ችግር አለቁ።

ለስሞቹ አዳዲስ ፊደላት አስፈለጉ፦ በ፣ ስ፣ ኒ፣ መ፣ ሶ፣ ክ፣ ከ፣ ሮ፣ ግ፣ ል፣ ባ፣ ጃ፣ ጅ፣ ቁ፣ ቋ። 15 ናቸው፤ የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ከነበሩበት ቦታ፣ ከ97 ጀምሮ ገቡ። 11 ቦታ ተረፈ። ቁልቋል በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት የቀ ልጆችን ስላስገባልኝ ወደድኩት፤ ቢጫ ምልክታቸው ጎን ለጎን ይታያል።

ዓርብ

የካርዱ ጀርባ ጥለት እንዲሆን ከመጀመሪያው ወስኜ ነበር። ጥለት ለዚህ ማሽን የተፈጠረ ይመስላል፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ አንድ ፓሌት ከመደቡ ሌላ የሚይዘው ሦስት ቀለም ነው።

አንድ ታይል ስዬ በመገልበጥ አራቱን ማዕዘን ለመሸፈን አይቻልም። ማሽኑ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ይገለብጣል፤ የመደብ ታይልን ግን አይገለብጥም። ስለዚህ ለአንድ ዳር እስከ ዳር ለተመሳሰለ አልማዝ 4 ታይል ይሄዳል። ከፈልኩት።

ሆኖም አልማዙ ጫፉ ደደረብኝ። ሰፈራችን ያሉትን ሸማኔ ሥዕሉን በወረቀት ይዤ ጠየቅኳቸው። ካሬዎቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

«ስንት ክር ነው ያልከኝ?»

«16 ነው፣ ጋሼ።»

«መሀሉ የት አለ ታዲያ? 16 መሀል የለውም። ጎዶሎ አድርገው፤ አንዲት ክር መሀል ላይ ትቁም።»

ይኸው ነበር። በተጋማሽ ቁጥር ስፋት ጫፉ ሁልጊዜ ሁለት ፒክስል ይሆናል፤ የደደረው ለዚህ ነው። ጥለቱን ወደ 15 አውርጄ የቀኙን ዓምድና የታችኛውን መስመር ባዶ ተውኳቸው። ጫፉ ሾለ። የተተወው ባዶ መስመር ደግሞ ካርዶቹ ጎን ለጎን ሲሰለፉ መለያ ሆነላቸው፤ ቀድሞ በጠርዝ ታይል ይሠራ የነበረውን ሥራ ወሰደ። የጠርዙ ታይሎች ነፃ ወጡልኝ። ያንኑ ጥለት በስክሪኑ ግርጌ ላይ በግራጫና በነጭ ፓሌት ዘረጋሁት፤ አንድም ተጨማሪ ታይል ሳይጠይቅ። የማሪዮ ደመናና ቁጥቋጦ ነው።

ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

እህቴ ቤት ጀርባው ትልቅ የሆነ የድሮ ቴሌቪዥን አለ፤ ማንም አይነካውም። ከላፕቶፑ በመቀየሪያ ገመድ አገናኘሁት። ይህ ጨዋታ መታየት ያለበት እንዲህ ባለው መስታወት ላይ ነው።

ሁለት ነገር አየሁ። የመጀመሪያው ሠሪው ከላይ ያሉትን መስመሮች ለምን ባዶ እንደተዋቸው ነው፤ ቴሌቪዥኑ የስክሪኑን ጠርዝ ይቆርጠዋል። ማሽኑ የሚልከው 240 መስመር ቢሆንም ከላይና ከታች ያሉት ከመስታወቱ ውጭ ይቀራሉ። እኔም ያንን ቦታ ስላልነካሁት «ነጥብ» እና «ጊዜ» ሙሉ ሆነው ታዩ። የጥለቱ ዘርፍ ግን ግማሹ ተቆረጠ፤ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ከፍ ይላል።

ሁለተኛው የፊደላቱ እግር ነው። አግድም መስመሮቹ ደምቀዋል፤ አንድ ፒክስል ስፋት ያላቸው ቋሚዎች ግን ደበዘዙ። ላውፍራቸው ብል የጥ ሦስት እግሮች አንድ ላይ ይዋጣሉ። እዚያው ቁጭ ብዬ የቀረውን ዋጋ፣ 1ን፣ ሥራ ሰጠሁት። ክፍተት ባለበት ፊደል ሁሉ ከእያንዳንዱ ነጭ እግር ውስጠኛ ጎን አንድ ግራጫ ፒክስል ጨመርኩ። በላፕቶፑ ላይ ብዙ አያምርም፤ በድሮው መስታወት ላይ ግን ግራጫው ወደ ነጩ ቀልጦ እግሩ ቀና ብሎ ቆመ። አሁን አራቱም ዋጋ ሥራ አግኝቷል፦ መደብ፣ ጥላ፣ ምልክት፣ አካል።

ልጁ «ተጫዋች»ን ሳይቆም አነበበ። ሁለተኛውን ጥንድ ሲያገኝ ከታች የተጻፈውን ጮክ ብሎ «ቁልቋል!» አለና ጣቱን ቋ ላይ አድርጎ ቢጫዋን መስመር አሳየኝ። እናቱ ከማድቤት መጥታ ቆማ አየች፤ ቆየት ብላ ሁለተኛዋ ተጫዋች ሆነች። ክራሩንና ከበሮውን እሷ ወሰደች።

እሑድ፣ ደሴ

ዘርፉን አንድ ረድፍ ከፍ አደረግኩ። ሥራውን ለማካፈል አዘጋጀሁ። የንግድ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ማካፈል የሚገባኝ ልዩነቱን ብቻ የያዘውን የማጣበቂያ ፋይል ነበር፤ ይህ ግን ፈቃዱ ስለሚያስችል ሙሉውን ጨዋታ ከፈቃዱ ጽሑፍና ከሠሪው ስም ጋር በአንድ ማኅደር አስቀመጥኩት። ከአጠገቡ የፊደሉን ቁጥሮች ሠንጠረዥ ጨመርኩ፤ ከ65 እስከ 90፣ ከዚያ ከ97 እስከ 111። ከ112 እስከ 122 ያሉትን 11 ቦታዎች ባዶ ብዬ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ሌላ ሰው የራሱን አካባቢ ነገሮች ስሎ ስማቸውን ሊጽፍ ቢፈልግ የሚያስገባበት ቦታ አለው፤ የፊደሉ ደንብም ተጽፏል፦ 5 ዓምድ አካል፣ ግራና ቀኝ ለምልክት፣ የመጨረሻው ባዶ፣ አካሉ 3፣ ምልክቱ 2፣ ጥላው 1።

ፋይሉ አሁንም 40,976 ባይት ነው።